ከቅጠሉ እስከ ጠርሙሱ፦ የሴጅ ተናኝ ዘይት ጥናቶች ለጭፍራ ጤና ባለሙያ ምን ይነግራሉ?

መግቢያ

የኢትዮጵያ ፋርማሲ ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው 24ኛ ቅጹ፣ በአፋር ክልል በጭፍራ ወረዳ ሕዝቡ በመድኃኒትነት ስለሚጠቀምባቸው ዕፀዋት የሚያትት ጥናት አስነብቧል። የጥናቱ አዘጋጆች ተስፋዬ ሰይፉ፣ ቃለአብ አስረስና ጽጌ ገብረ ማርያም ናቸው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብ ("ፍሎራ") አምስተኛው ቅጽ ታትሞ፣ ሴጅ፣ ጦስኝ፣ በሶብላና ዳማከሴ የሚመደቡበት የናና ቤተሰብ በአንድ ጥራዝ ለባለሙያው ቀርቧል። በሌላ በኩል በዓለም ዙሪያ በሴጅ ዝርያዎች ተናኝ ዘይት ኬሚካዊ ይዘትና በመድኃኒታዊ አቅሙ ላይ የሚወጡት ጽሑፎች ከዓመት ዓመት በዝተዋል። እንግዲህ አንባቢው በአንድ እጁ የጭፍራን የመሰለ የሕዝብ ዕውቀት መዝገብ፣ በሌላው እጁ ደግሞ የቤተ ሙከራ ውጤት ይዟል።

ሁለቱ የጽሑፍ ዓይነቶች እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። የቤተ ሙከራው ጽሑፍ በመግቢያው "ይህ ዕፅ በባህል ሕክምና ይሠራበታል" ብሎ የመስኩን መዝገብ ይጠራል፤ በመደምደሚያው ደግሞ "ውጤቱ ባህላዊ አጠቃቀሙን ይደግፋል" ይላል። በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል የሚዘለል አንድ ዐቢይ ጉዳይ አለ። ሕዝቡ የሚጠቀመው ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ጭሱን ወይም በውሃ የተዘፈዘፈውን ነው። የተመረመረው ግን በእንፋሎት ተነጥሮ የተገኘው ዘይት ነው። ሁለቱ አንድ መድኃኒት አይደሉም። የዚህ ሂስ ዓላማ ይህ ልዩነት ሲዘነጋ በጥናቱ ድምዳሜም ሆነ በሕመምተኛው ላይ ምን እንደሚከተል ማሳየት ነው።

ስለ ስያሜዎቹ

በመጀመሪያ የቃላቱ ነገር ሊጠራ ይገባል። "ኢሴንሻል ኦይል" የሚለው የፈረንጅ ቃል በአንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች "አስፈላጊ ዘይት" ተብሎ ይተረጎማል። ይህ አሳሳች ነው። የቃሉ መነሻ የዕፁን መዓዛ የያዘውን "ምንነት" የሚያመለክት እንጂ ለሰውነት አስፈላጊ መሆኑን የሚናገር አይደለም። አንባቢው እንደ ቫይታሚን እንዳይቆጥረው "ተናኝ ዘይት" የሚለው ስም ይሻላል፤ የዘይቱን ዋና ጠባይ፣ ማለትም በአየር ላይ በኖ መጥፋቱን፣ በትክክል ይገልጻልና።

"ሴጅ" የሚለውም ስም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በዓለም ገበያ በዚህ ስም በብዛት የሚታወቀው ሳልቪያ ኦፊሲናሊስ የሜዲትራኒያን አካባቢ ዕፅ ነው። በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሳልቪያ ኒሎቲካ፣ ሳልቪያ ሺምፐሪና ሳልቪያ መርጃሚ ሌሎች ዝርያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዕፀዋት ምደባ ሊቃውንት የዘር ዝምድናን መሠረት አድርገው ሮዝመሪን፣ እንዲሁም በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ ተራሮች የሚገኘውን መዓዛማውን ሜሪያንድራ ወደ ሳልቪያ ወገን አስገብተዋቸዋል። በዚህ ምደባ መሠረት በየቤቱ "የጥብስ ቅጠል" እየተባለ ሥጋ የሚጣፍጥበት ሮዝመሪም የሴጅ ዘመድ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሳልቪያ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ "የሳልቪያ ዘይት" የሚል ርዕስ ብቻውን ስለ ይዘቱ ብዙም አይናገርም። የሮዝመሪ ዘይት ሲኒዮል፣ ካምፎርና አልፋ-ፓይኒን ሲበዛበት፣ የሜዲትራኒያኑ ሴጅ ዘይት ዋና መለያ ቱጆን ነው። በአንዱ ላይ የተገኘን ውጤት ለሌላው ማውረስ አይቻልም።

የኬሚስትሪው ሥራ ጥንካሬና ወሰን

በዚህ መስክ ከሚወጡት ጽሑፎች የኬሚስትሪው ክፍል ከሁሉ የጠነከረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ የተነጣጠለ ዘይት የያዛቸው ንጥረ ነገሮች በስምና በመቶኛ ይዘረዘራሉ። ለሜዲትራኒያኑ ሴጅ ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው መስፈርት አልፋ-ቱጆን ከ18 እስከ 43 በመቶ፣ ካምፎር ከ4.5 እስከ 24.5 በመቶ፣ ሲኒዮል ከ5.5 እስከ 13 በመቶ እንዲሆኑ ተደንግጓል። እነዚህን አኃዞች ልብ ብሎ ላያቸው አንድ ነገር ይገለጣል። መስፈርቱ ራሱ የሚፈቅደው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ ካምፎር በአንዱ ጠርሙስ ከሌላው ከአምስት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። የተለቀመበት ወቅት፣ የአፈሩ ጠባይ፣ የቦታው ከፍታ፣ የአደራረቁና የአነጣጠሩ ሁኔታ ሁሉ ይዘቱን ይለውጡታል።

በአገራችንም ይኸው ታይቷል። ንግሥት አስፋውና የኖርዌይ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የሁለቱ የኢትዮጵያ ጦስኝ ዝርያዎች ጥናት የአገር ዕፀዋትን ዘይት በዘመናዊ መንገድ ከመረመሩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ታይሞልና ካርቫክሮል በጦስኝ ዘይት ዋናዎቹ መሆናቸውን ሲያጸኑ፣ መጠናቸው ግን ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። እንግዲህ የአንድ ወቅትና የአንድ ቦታ ናሙና ውጤት የዕፁ ቋሚ ጠባይ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባውም። ይሁንና ከአንድ ገበያ በተገዛ አንድ ኪሎ ቅጠል ላይ ተመሥርተው ስለ ዝርያው በሙሉ የሚናገሩ ጽሑፎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም።

የበለጠ ክብደት ያለው ወሰን ግን ሌላ ነው። ይህ መሣሪያ የሚያየው የሚተነውን ብቻ ነው። በሴጅና በሮዝመሪ ቅጠል ውስጥ ያለው ሮዝማሪኒክ አሲድ፣ እንዲሁም ታኒንና ፍላቮኖይድ በዘይቱ ውስጥ አይገኙም። ቅጠሉን በፈላ ውሃ ነክሮ የሚጠጣ ሰው ግን በአብዛኛው የሚያገኘው እነዚህን ነው። ከዘይቱ ወደ ውሃው የሚያልፈው ከፊሉ ብቻ ነው።

ቅጠሉን በዘይቱ መለካት

ይህን ስሕተት በጉልህ የሚያሳየው የወባ ታሪክ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የጥንት መዛግብትን መርምራ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለውን ዕፅ በሞከረችበት ጊዜ፣ በሙቀት የተዘጋጀው ጭማቂ አጥጋቢ ውጤት አልሰጠም። እ.ኤ.አ. በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ስታወጣው ግን ጸረ-ወባ ኃይሉ ተገለጠ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላት አርቴሚሲኒን የዕፁ ተናኝ ዘይት ክፍል አይደለም። የዚያን ዕፅ ዘይት ብቻ መርምሮ "ባህላዊ አጠቃቀሙን አረጋግጫለሁ" ወይም "አፍርሻለሁ" የሚል ሰው በሁለቱም በኩል ይሳሳት ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አቋም የአርቴሚሲያን ሻይና ዱቄት ለወባ ሕክምና አልደገፈም፤ ይዘቱ ስለሚዋዥቅና መጠኑ ስለማይበቃ በሽታው እንዲያገረሽና ተውሳኩ መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርጋልና። ወባ ባለበት በአፋር ቆላ ይህ አቋም የወረቀት ጉዳይ አይደለም።

በሴጅ ላይም ተመሳሳይ መደበላለቅ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኢራን የወጣ፣ ለአራት ወራት የተካሄደ የሕክምና ሙከራ የሳልቪያ ኦፊሲናሊስ ጭማቂ ቀላልና መካከለኛ የአልዛይመር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ መሻሻል ማሳየቱን ዘግቧል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ነበር፤ የተሰጠውም በአልኮል የወጣ የቅጠል ጭማቂ እንጂ የተነጠረ ዘይት አልነበረም። ይህም ሆኖ ውጤቱ የሴጅ ዘይትን መድኃኒትነት ለማስረዳት ሲጠቀስ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጥቅስ አንባቢውን ከቅጠሉ ወደ ጠርሙሱ ሳያውቀው ያሻግረዋል።

በዚህ ረገድ የ2006ቱ የጭፍራ ጥናት በርዕሱ የያዘው አቅጣጫ ሊመሰገን ይገባል። አዘጋጆቹ የዕፀዋትን ስምና ጥቅም በሚመዘግበው የኢትኖቦታኒ ዘርፍ ሳይወሰኑ፣ ሕዝቡ መድኃኒቱን በምን መልክ እንደሚያዘጋጅ የሚመለከተውን የፋርማሲ ወገን አብረው አንሥተዋል። ለዕለት ሥራ ቅርብ የሆነው ይህ ጥያቄ ነው፦ ተፈጭቶ ነው? ተቀቅሎ ነው? በወተት ነው? ተቀብቶ ነው? ተጠጥቶ? የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ የዕፁን ስም ብቻ ወስዶ የአዘገጃጀቱን ክፍል ሲተወው፣ ከመዝገቡ የበለጠውን ጠቃሚ ነገር ጥሎ ሄደ ማለት ነው። መዝገቡም ቢሆን የራሱ ወሰን አለው። ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ይነግራል፤ የሚያደርጉት መፈወሱን ግን በራሱ አያረጋግጥም።

ከሳሕኑ እስከ ሕመምተኛው

ሁለተኛው የሂስ ነጥብ የጸረ-ተውሳክ ሙከራዎቹን ይመለከታል። በብዙዎቹ ጽሑፎች ዘይት የተነከረ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት ሳሕን ላይ ተቀምጦ፣ በዙሪያው የታየው ባዶ ክብ በሚሊ ሜትር ይለካል። ይህ ዘዴ ለአንቲባዮቲክ የተበጀ ነው። ተናኝ ዘይት ግን በውሃማ አጋር ውስጥ በደንብ አይሰርግም፤ በተቃራኒው በኖ የሳሕኑን ውስጠኛ አየር ይሞላዋል። ስለዚህ የክቡ ስፋት የዘይቱን ኃይል በትክክል አይመሰክርም፤ ከሲፕሮፍሎክሳሲን ክብ ጋር ማወዳደሩም ትርጉም የለውም።

ከዚህ የተሻለው ዘዴ ተውሳኩን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን መለካት ነው። በዚህም ላይ ቢሆን ልኩ ሊጠበቅ ይገባል። ሪዮስና ሬሲዮ የተባሉ የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ታዋቂ አስተያየት፣ የዕፅ ጭማቂ ትኩረት የሚስበው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች ሲሠራ እንደሆነ፣ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ መጠንም ከሙከራ ሊወገድ እንደሚገባ መክረዋል። ይህን ልክ ይዞ ጽሑፎቹን የሚያነብ ሰው "ከፍተኛ ኃይል አሳየ" የተባሉት ብዙ ዘይቶች በሚሊ ግራም ደረጃ የሚሠሩ ሆነው ያገኛቸዋል። ያን ያህል ዘይት በሕመምተኛ ደም ውስጥ ማድረስ ተውሳኩን ከመግደሉ በፊት ሰውየውን ይጎዳል። በቆዳ ወይም በአፍ ውስጥ ለሚቀባ ነገር ተስፋው ሊኖር ይችላል፤ ለሳንባ ምች ወይም ለታይፎይድ ግን የለም። ይህ ልዩነት በድምዳሜዎቹ ውስጥ በግልጽ ሊጻፍ ሲገባው ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ጥሩ አብነት የሆኑ ሥራዎችም መኖራቸው ሊነገር ይገባል። ይነበብ ታሪኩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያው አርቴሚሲያ አቢሲኒካና በአንድ የናና ቤተሰብ ዕፅ ዘይት ላይ ያወጡት ጥናት የዘይቶቹን ይዘት፣ በሊሽማንያ ተውሳክ ላይ ያላቸውን ኃይልና መርዛማነታቸውን በአንድነት አቅርቧል። ቁም ነገሩ በሦስተኛው ላይ ነው። ተውሳክን የሚገድል መጠን የሰውንም ሕዋስ የሚገድል ከሆነ የተገኘው መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው፤ ይህን ለማወቅ ሁለቱን ልኬቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ይላል። መርዛማነትን ሳይለካ "መድኃኒታዊ አቅም" የሚል ጽሑፍ ግማሽ ጽሑፍ ነው።

ያልተነገረው መርዛማነት

ሦስተኛውና እጅግ አሳሳቢው ነጥብ ይህ ነው። ቱጆን በአእምሮ ውስጥ ጋባ የተባለውን የማረጋጊያ መልእክት ተቀባይ ያግዳል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። የሚከተለው የነርቭ መቆጣትና የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከስዊዘርላንድ፣ በ2011 ደግሞ ከቱርክ የወጡ ዘገባዎች በሴጅ ዘይት ምክንያት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸውን ሰዎች መዝግበዋል፤ በቱርኩ ዘገባ የተጠቀሱት አንድ አራስና አንድ ሕፃን ናቸው።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው የሴጅ ቅጠል ሰነዱ፣ በቀን የሚወሰደው ቱጆን ከ6 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህን ከላይ ከተጠቀሰው መስፈርት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። አንድ ጠብታ ዘይት በግምት 0.05 ሚሊ ሊትር፣ ክብደቱም ወደ 45 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ ከ18 እስከ 43 በመቶው አልፋ-ቱጆን ከሆነ፣ በአንድ ጠብታ ከ8 እስከ 19 ሚሊ ግራም ይገኛል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ብቻዋን የቀኑን ወሰን ታልፋለች። አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ፣ ከ160 እስከ 390 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። በሌላ አነጋገር ያ አንድ ሚሊ ሊትር የተነጠረው በግምት ከ40 እስከ 100 ግራም ደረቅ ቅጠል ነው፤ ማንም ሰው በአንድ ስኒ ያን ያህል ቅጠል አይጠጣም። ትውልድ ሲጠቀምበት ኖሮ ጉዳት አላመጣም የሚባለው ምስክርነት ለቅጠሉ ቢሠራ እንኳ ለጠርሙሱ አይሠራም።

ካምፎርም ከዚህ አይተናነስም። ለሕፃን 1 ግራም ያህል መዋጥ ሞት እንዳስከተለ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በሰሜኑ ሜሪያንድራ ዘይት ውስጥ ካምፎር ዋነኛ ንጥረ ነገር መሆኑ ሲታሰብ፣ ዘይቱን "በአገር የታወቀ ባህላዊ መድኃኒት" ብሎ ማስተዋወቅ ምን ያህል ኃላፊነት የጎደለው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይህ በጭፍራ ምን ማለት ነው?

ጭፍራ ከሚሌ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደጋውና በቆላው መገናኛ ግርጌ የምትገኝ ወረዳ ናት። የሴጅ ዝርያዎች አገር ደጋው ነው፤ የደጋ ቅጠልም ሆነ የከተማ ጠርሙስ ወደ ቆላው የሚወርደው በገበያና በመንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ጭፍራን ባዳረሰ ጊዜ በክልሉ በርካታ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል። ጤና ጣቢያ ሲዘጋ ሕዝቡ በእጁ ወዳለው ይመለሳል፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም።

አንድ ትኩሳት ያለበት ሕፃን እየተንቀጠቀጠ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ ባለሙያው በቅድሚያ ወባንና ማጅራት ገትርን፣ እንዲሁም የደም ስኳር ማነስን ማሰቡ ተገቢ ነው። ምርመራውና ሕክምናው በዚያው ይጀምራል። ነገር ግን "ምን ተሰጠው?" የሚለው ጥያቄ አብሮ ሊጠየቅ ይገባል። ጥያቄው በቁጣ ከሆነ እናቲቱ ትደብቃለች፤ በአክብሮት ከሆነ ትናገራለች። መልሱ "ቅጠል ነው" ወይም "ዘይት ነው" በሚለው ላይ ሊቆም አይገባም። የት ተገኘ? እንዴት ተዘጋጀ? ተጠጣ ወይስ ተቀባ? ስንት ጊዜ? የሚሉት ሊከተሉ ይገባል። የተጠጣው ተናኝ ዘይት ከሆነ ሕፃኑን ማስታወክ አደገኛ ነው፤ መንቀጥቀጡ በድንገት ሲነሣ ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። የአየር ቧንቧውን መጠበቅ፣ መንቀጥቀጡን በዳያዜፓም ወይም በመሰሉ መቆጣጠር፣ ከዚያም ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ሪፈራል ተቋም ማስተላለፍ ይገባል። ነፍሰ ጡሮችና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችም ቱጆን ወይም ካምፎር የበዛበት ዘይት እንዳይወስዱ አስቀድሞ ሊመከሩ ይገባል።

የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል የዜና ልውውጥ ሥርዓት አለው። በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ጉዟቸውን ገትተው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ነጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፣ ሰሚውም ከማን እንደተሰማ ይጠይቃል። በዚህ ሂስ የተነሡት ጥያቄዎች ከዚህ ልማድ የራቁ አይደሉም። "ዘይቱ ባክቴሪያ ገደለ" የሚለው የታየ ነው፤ "ስለዚህ ሕመምተኛ ይፈውሳል" የሚለው ግን ማንም ያላየው ነው። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አጣምሮ ማሳለፍ ሳይንሱም ዳጉም አይፈቅዱትም።

መደምደሚያ

"እምቅ መድኃኒታዊ አቅም አለው፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" የሚለው የመዝጊያ ዐረፍተ ነገር ጊዜ የማያልፍበት ሆኗል። ተናኝ ዘይት መድኃኒት ሊሆን አይችልም ማለት ግን አይደለም። የፔፐርሚንት ናና ዘይት በአንጀት ውስጥ በሚሟሟ ካፕሱል፣ በ0.2 ሚሊ ሊትር የተወሰነ መጠን ተዘጋጅቶ፣ በተደጋጋሚ የሕክምና ሙከራ ተፈትኖ ለአንጀት መታወክ ሕመም በሐኪም እየታዘዘ ነው። መንገዱ የሚጠይቀው የታወቀ ይዘት፣ የታወቀ መጠን፣ የታወቀ ጉዳትና በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ነው።

የአገራችን ዕፀዋትም በዚሁ መንገድ ሊሄዱ ይገባቸዋል። ቀጣዩ ጥናት ከጭፍራ መዝገብ የዕፁን ስም ብቻ ሳይሆን አዘገጃጀቱንም ይውሰድ፤ ሕዝቡ የሚጠጣው ውሃ ከሆነ ውሃውን ይመርምር፤ ዘይቱን ከመረመረም ስለ ዘይቱ ብቻ ይናገር። ናሙናው ከየትና መቼ እንደተለቀመ፣ በሰው ሕዋስ ላይ ምን እንዳደረሰ በዋናው ጽሑፍ ይግለጽ። የመጽሔት ገምጋሚዎችም መርዛማነት ያልተለካበትን "መድኃኒታዊ አቅም" ከማሳለፋቸው በፊት ልኬቱን ይጠይቁ። በጤና ጣቢያ ደግሞ የሕመምተኛው ካርድ ላይ "የባህል መድኃኒት ወስዷል" ከሚለው ጎን ቅጠል ወይስ ዘይት መሆኑ፣ መጠኑና የተወሰደበት ሰዓት ይጻፍ። የአንድ ሕፃን መንቀጥቀጥ ምክንያት በጊዜ የሚታወቀው ወይም ተሰውሮ የሚቀረው በዚህች አጭር መስመር ሊሆን ይችላል።